የተሸለመ የጦር መኮንንን በካሪካቸር ስለ መሳል፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። በጅማ ከተማ ፎቶግራፍ እያዩ የሰው መልክ በመሳል የሚተዳደሩ አንድ ወጣት ሠዓሊ፣ 75ኛ ዓመት ልደታቸውን ለሚያከብሩ ጡረተኛ ኮሎኔል ካሪካቸር (መልክን አጋንኖ ፈገግ የሚያሰኝ ሥዕል) እንዲሠሩ ከልጅ ልጆቻቸው ትእዛዝ ተቀብለዋል። ኮሎኔሉ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር ከሶማሊያ ወራሪ ጦር ጋር ተዋግተው ሜዳሊያ የተሸለሙ ሰው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ግን ነገሩን ሲሰሙ «በደም የተገኘ ሜዳሊያ መሳቂያ አይደረግም» ብለው ተቆጥተዋል። ጠያቂያችን ማወቅ የፈለጉት ሥራው ነውር መሆን አለመሆኑን፣ ፊቱ ሲጋነን ሜዳሊያዎቹም አብረው ይጋነኑ እንደሆነ፣ እንዲሁም በ1983 ዓ.ም. ግርግር የጠፋውን አንድ ሜዳሊያ በሥዕሉ ላይ ማስገባት ይገባ እንደሆነ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። ሥራው ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የሚጋነነው ሰውየው እንጂ ሽልማቱ መሆን የለበትም። የኮሎኔሉ ቅንድብ፣ አገጭ፣ ጆሮ፣ አቋቋምና አቀማመጥ ለሠዓሊው የተፈቀዱ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ያለው ግን በቁጥሩም፣ በቅደም ተከተሉም፣ በቀለሙም እንደ ሰነድ በጥንቃቄ መቀዳት አለበት። ሜዳሊያ የአንድ ሰው ጌጥ ብቻ አይደለም። በመንግሥት ስም የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ምሽግ አብረው ቆመው ያልተመለሱ ሰዎችም በውስጡ ድርሻ አላቸው። የኮሎኔሉን አፍንጫ ማስረዘም የሚመለከተው ኮሎኔሉን ብቻ ስለሆነ እሳቸው ከፈቀዱ ከቤተሰባቸው ጋር ሊስቁበት ይችላሉ፤ በሜዳሊያው መቀለድን ግን እሳቸውም እንኳ ብቻቸውን ሊፈቅዱ አይችሉም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህንን ልዩነት በወረቀት ላይ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል ነው።

የታላቅ ወንድማቸውን ቁጣ ግን ካለማወቅ የመጣ አድርገው አይውሰዱት። ካሪካቸር ከወዳጅነትም ከጠላትነትም የጠጣ ጥበብ ስለሆነ፣ የተቆጡት የጠላትነቱን ወገን አይተው ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ አኒባሌ ካራቺና ባልደረቦቹ ከትልልቅ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻቸው ሥራ ሲያርፉ የሚያውቋቸውን ሰዎች መልክ በጥቂት መስመር እያጋነኑ ይነድፉ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ፒየር ሌዎኔ ጌዚ በሮም ይህንኑ ዋና ሥራው አድርጎ የከተማዋን ታላላቅ ሰዎች፣ ሙዚቀኞችና እንግዶች ስሏል፤ የሚሳሉትም ሰዎች በአብዛኛው አልተከፉበትም። በኋላ ግን ይኸው መሣሪያ ወደ ፖለቲካ ትግል ገባ። እንግሊዛዊው ጄምስ ጊልሬይ ናፖሊዮንን በትልቅ ቆብና በትልቅ ጫማ ውስጥ የተዋጠ ቁጡ ድንክ አድርጎ ሣለው፤ በፈረንሳይ ኦኖሬ ዶሚየ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝቡን ሀብት የሚውጥ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ በመሳሉ በ1832 እ.ኤ.አ. ታሰረ። በአገራችን አብዛኛው ሰው ካሪካቸርን የሚያውቀው በጋዜጣ በኩል በመጣው በዚህ በሁለተኛው መልኩ ነው። እንግዲህ አንድ አዛውንት የወንድማቸው መልክ በዚያ ዓይነት እጅ ሊወድቅ መሆኑን ሲሰሙ ቢቆጡ ተገቢ ነው።

በጦር መኮንኖች ላይም ቢሆን ሁለቱም ዓይነት ሥራ ተሠርቷል፤ ሁለት ምሳሌዎችን ዘርዘር አድርጌ ባነሣ ለውሳኔዎ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። በ1759 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር በካናዳ የኩቤክን ከተማ ከብቦ ሳለ፣ በጄኔራል ጄምስ ዎልፍ ሥር ከነበሩት ሦስት ብርጋዴሮች አንዱ ጆርጅ ታውንዘንድ ይባል ነበር። ታውንዘንድ በእጁ የተካነ ካሪካቸር ሠሪ ሲሆን አለቃውን ይንቅ ስለነበር፣ የዎልፍን ቀጭን ቁመና፣ ሹል አፍንጫና ወደ ውስጥ የሸሸ አገጭ እያጋነነ ይስልና ንድፎቹን በመኮንኖች መካከል ያዞራቸው ነበር። ዎልፍ መስከረም 13 ቀን 1759 እ.ኤ.አ. ድሉን ባገኘበት ውጊያ ላይ ቆስሎ ሞተ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ያው ታውንዘንድ ዎልፍን ያለ ማጋነን በውሃ ቀለም ስሎት የነበረ መሆኑና፣ ከጄኔራሉ እውነተኛ መልክ ጋር ይቀራረባሉ ከሚባሉት ጥቂት ሥዕሎች አንዱ ይኸው መሆኑ ነው። እጁ አንድ ነው፤ የታዘበው አፍንጫና አገጭም አንድ ነው። የተለየው ሥዕሉ የተሠራበት ዓላማ ነው፤ በካሪካቸሮቹ ላይ የሚሳቀው በአገጩ ሳይሆን በአዛዥነቱ ነበር። አንድ መኮንን በውጊያ ዋዜማ በገዛ ሠራዊቱ ፊት አዛዥነቱ ሲቀለድበት የሚደርሰው ጉዳት ከአፍንጫና ከአገጭ ጨዋታ ፈጽሞ የራቀ ነው።

በተቃራኒው «ቫኒቲ ፌር» የተባለው የለንደን ሳምንታዊ መጽሔት ከ1869 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ድረስ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል የአንድ የታወቀ ሰው ካሪካቸር በባለቀለም ሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተነድፎ በሚታተም የኅትመት ዘዴ) እያተመ ያወጣ ነበር። ከሠዓሊዎቹ ዋነኞቹ «ኤፕ» እያለ የሚፈርመው ካርሎ ፔሌግሪኒ እና «ስፓይ» እያለ የሚፈርመው ሌስሊ ዋርድ ነበሩ። በጦርነት ስማቸው የገነነ መኮንኖች፣ ለምሳሌ ሮበርትስና ኪችነር፣ በዚህ መጽሔት ተሥለዋል፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተውን ጦር የመራው ሮበርት ናፒየርም ተሥሏል። የናፒየር ስም ለእኛ ከአፄ ቴዎድሮስ መጨረሻና ከተዘረፈው ቅርሳችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥዕሉን በእንግሊዞች ዓይን ልናየው አንችልም፤ የሥራውን ዘዴ ግን ከመማር የሚከለክለን ነገር የለም። በመጽሔቱ ላይ መውጣት በጊዜው እንደ ዝና ምልክት ይቆጠር ነበር።

ዘዴው ይህን ይመስላል። መኮንኑ ከራስ እስከ እግር ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ ከኋላው ምንም ነገር የለም፤ ከእግሩ ሥር ትንሽ ጥላ ብቻ ይወድቃል። ራሱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር በመጠኑ ብቻ ይተልቃል፤ ልብሱና ማዕረጉ ግን በጥንቃቄ ይሣላሉ። ማጋነኑ በአብዛኛው ያረፈው በአቋሙ ላይ ነው፤ ደረቱን የሚነፋው፣ ጉልበቱን የሚያዝለው፣ ዱላውን በብብቱ የሚይዘው ሁሉ በአቋቋሙ ይለያል። ሌስሊ ዋርድ ሰዎቹን በሸንጎ፣ በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳና በመንገድ ላይ ሳያውቁ አጥንቶ ብዙውን ጊዜ ከትዝታው ይስላቸው ነበር፤ ስለዚህም ሥዕሎቹ ለፎቶግራፍ የተዘጋጀ ሰው ሳይሆን በኑሮው ላይ ያለ ሰው ያሳያሉ። ለጠያቂያችን የምመክረው መንገድ ይኸኛው ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ወጥመድ አለ። በ1934 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሎው በለንደን ጋዜጣ ላይ ኮሎኔል ብሊምፕ የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ ራሰ በራ፣ ወፍራም፣ ትልቅ ሪዝ ያለው፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ፎጣ አገልድሞ ዓለምን የሚገሥጽ ሽማግሌ ነው። ብሊምፕ አንድ የታወቀ ሰው አልነበረም፤ ዘመን ያለፈበት የመኮንንነት አስተሳሰብ ወካይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር «ኮሎኔል ሣሉ» ሲባል የሠዓሊ እጅ ሳያስበው ወደዚያው ቦርጭና ወደዚያው ሪዝ ይሄዳል። የእርስዎ ኮሎኔል ቦርጭ ከሌላቸው ቦርጭ አይስጧቸው፤ ሪዛቸውን በየቀኑ የሚላጩ ከሆነ ሪዝ አይቀጥሉላቸው። የተለመደውን የመኮንን ምስል ከሣሉ ታላቅ ወንድማቸው የፈሩት ነገር ደረሰ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ወንድማቸው ሳይሆን በሽማግሌ ወታደር ላይ የተሠራ ቀልድ ይሆናልና።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ ከውጭ ከመጣው ምሳሌ ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚበጀን እኛው ዘንድ ያለው ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ርኩሳን መናፍስትና ከሐዲዎች ግን በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ እየታያቸው ይሣላሉ። ይህ ሥርዓት ወደ ዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ተሻግሯል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ ሆኖ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ለፊት፣ የጣሊያን ሠራዊት በጎን ተሥሎ የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ካሪካቸር ደግሞ አፍንጫና አገጭን ለማጋነን ስለሚመች የጎን ዕይታን እጅግ ይወዳል። እነዚያን ሥዕሎች እያዩ ላደጉ አዛውንት፣ ቤተሰቡ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ የተከበረ ጀግና በጎን በአንድ ዓይን ተሥሎ ሲቀርብ ምክንያቱን መናገር ባይችሉ እንኳ ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ ኮሎኔሉን ፊታቸውን በትንሹ ዞር አድርገው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ አድርገው ይሣሏቸው። አፍንጫው በዚህ ዕይታም ለማጋነን በቂ ቦታ አለው።

ማጋነን ራሱም ቢሆን ለጀግና ውዳሴ እንግዳ ነገር አይደለም። ፉከራው፣ ሽለላውና ቀረርቶው ሁሉ ማጋነን ነው። የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው፤ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ቆሞ የምናየው ዳግማዊ አባ ጅፋር እስከ ዛሬ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው፤ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ተብለው ኖረዋል፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ሻለቃም «ቃኘው» የተባለው በዚሁ ስም ነው። ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመን ባሳዩት ጀግንነት «የበጋው መብረቅ» ተብለዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሰውየው አንድ ነገር ተመርጦ ሌላውን ሁሉ እስኪሸፍን ድረስ እንዲገዝፍ ይደረጋል፤ ማንም ግን ተዋረደ አይልም፤ የገዘፈው የራሱ የሆነ ነገር ነውና። ለታላቅ ወንድማቸው ጉዳዩን ሲያስረዱ የቫኒቲ ፌርን ነገር ከማንሣት ይልቅ ከዚህ ቢጀምሩ ይሻላል።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ሁለት የተለያዩ የፎቶግራፍ ስብስቦች ይጠይቁ። አንደኛው የክብር ልብስ ለብሰው፣ ሜዳሊያ አጥልቀው የተነሡት ነው፤ ይህ ለደረታቸው እንጂ ለፊታቸው አያገለግልም፤ በእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ላይ ሰው ሁሉ ፊቱን አጥብቆ ስለሚቆም መልኩ ይሰወራል። ሁለተኛው ስብስብ ሲበሉ፣ ሲያወሩ፣ ሲቆጡ፣ የልጅ ልጅ ሲያቅፉ የተነሡት ነው፤ ፊታቸው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የሚቻል ከሆነም ሄደው አብረዋቸው ቡና ይጠጡና በዓይንዎ ያጥኗቸው። ብዙ ጀማሪዎች ትልቁን ነገር ፈልገው ያንኑ ያተልቃሉ፤ ይህ ልክ አይደለም። መፈለግ ያለበት ከተለመደው ፊት የራቀው ነገር ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ዓይን ስፋት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከአፍንጫ እስከ አገጭ ያለው ከግንባሩ ይረዝማል ወይ? የጆሮው የላይኛው ጫፍ ከቅንድብ በላይ ነው ወይስ በታች? ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ይምረጡ፤ አንዱን ሲያሳድጉ አጠገቡ ያለውን ያሳንሱ፤ የተቀረውን እንዳለ ይተዉት።

ቆብ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመኮንን ቆብ ግንባርን፣ ፀጉርንና አንዳንዴም ቅንድብን ስለሚሸፍን፣ አንድ ሰው ከሚታወቅባቸው ነገሮች ግማሹን ይወስዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ራሳቸውን ንድፉን ጨርሰው፣ የሚያውቋቸው ሰዎች «እሳቸው ናቸው» ካሉ በኋላ ቆቡን ያልብሷቸው። የቆቡና የትከሻው ምልክቶች በየመንግሥቱ ስለተለዋወጡ ልብሱን ከአንድ ዘመን፣ ማዕረጉን ከሌላ ዘመን አያዋሕዱ። ኮሎኔሉ በጦርነቱ ወቅት ሻምበል ከነበሩ እና ሥዕሉ የጦርነቱን ጊዜ ልብስ ካሳየ የሻምበል ማዕረግ ይደረግላቸው፤ ኮሎኔል አድርገው ከሣሏቸው ደግሞ የኋለኛውን ዘመን ልብስ ያልብሷቸው። አብረዋቸው ያገለገሉ ሰዎች ሥዕሉን ሲያዩ ዓይናቸው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

የሰውነቱን መጠን በተመለከተ፣ ያልተጋነነ የአዋቂ ሰው ቁመት ራሱን ሰባት ጊዜ ወይም ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል ይሆናል። በተለመደው ካሪካቸር ይህ ወደ ሦስት ወይም አራት ይወርዳል። ለተሸለመ መኮንን ግን አምስት እንዲሆን እመክራለሁ፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ደረቱ ስለሚጠብ ሜዳሊያዎቹ ወይ ይጨፈለቃሉ፣ ወይ ከትከሻ ወደ ክንድ ይፈስሳሉ፣ ወይም ሠዓሊው ቦታ ሲያጥረው አንዱን ይተወዋል። ይህንን ለማስቀረት ደረታቸውን ግራ ጎኑ ወደ ተመልካቹ እንዲቀርብ በትንሹ ያዙሩት፤ ፊታቸውን ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ። ይህ አቀማመጥ ለሪባኖቹ (ሜዳሊያዎቹ ለሚንጠለጠሉባቸው ባለቀለም ጨርቆች) ሰፊ ቦታ ከመስጠቱም በላይ ሰውየውን ንቁ ያስመስለዋል።

ሜዳሊያ የሚቀመጠው በግራ ደረት ነው፤ ለሚያየው ሰው በቀኝ በኩል ማለት ነው። ይህንን ማንሣቴ ብዙ ሥዕሎች ላይ ተገልብጦ ስለማየው ነው። የስልክ የፊት ካሜራ ምስሉን እንደ መስታወት ሊገለብጠው ይችላል፤ አሮጌ ኔጋቲቭም በተሳሳተ ገጹ ሲታተም እንዲሁ ይሆናል። የስም መለያቸውን ጽሑፍ ይመልከቱ፤ ፊደሉ ከተገለበጠ ሁሉም ተገልብጧል። ሽልማቶቹ ሲደረደሩም ከፍተኛው ከላይኛው ረድፍ ወደ አዝራሩ በኩል፣ ማለትም ወደ ደረቱ መካከል እንዲቀመጥ በአብዛኛው ሠራዊት ሥርዓት ነው። ደረጃውን ካላወቁ አይገምቱ፤ ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው ይቅዱት፤ ፎቶግራፉ የማይታይ ከሆነ ኮሎኔሉን ወይም የሥራ ባልደረቦቻቸውን ይጠይቁ።

ትንሽ ወረቀት ላይ ሁሉንም ነገር መሳል አይቻልም፤ ስለዚህ ምን መቅለል እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠውን ሜዳሊያ እንውሰድ፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ የተጻፈበት ሲሆን፣ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ የሚፈራረቁበት 17 ጠባብ መስመር አለው። በአንድ ሣንቲ ሜትር ቦታ 17 መስመር በእርሳስ ማስመር ስለማይቻል አንዳንድ ሠዓሊ ሦስት ወይም አምስት ወፍራም መስመር አድርጎ ያሳጥረዋል፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ አገር የሰጠው ሌላ ሜዳሊያ ይመስላል። የተሻለው መንገድ መላውን ሪባን በቀላል ሰማያዊ ቀብቶ፣ በቀጭን ብዕር ነጭ ጭረቶችን ሳይቆጥሩ ማሳለፍ ነው፤ ዓይን የመስመሮቹን ብዛት ይረዳል፤ ሜዳሊያውንም አያሳስትም። ለእርስዎም ኮሎኔል ሜዳሊያዎች የሚሠራው ይኸው ነው፦ የመስመሩ ዝርዝር ሊቀል ይችላል፤ ቀለሙ፣ የቀለሙ ቅደም ተከተልና የሜዳሊያው ጠቅላላ ቅርጽ ግን አይለወጥም። ሜዳሊያዎቹ ከሰውየው ራስ ጋር አብረው አይተልቁም፤ ከደረቱ ጋር በልኩ ይሄዳሉ። ግዙፍ ሜዳሊያ ከብዶት የሚጎብጥ መኮንን መሣል በጋዜጣ ላይ ሽልማት አላግባብ የሰበሰበን ሰው ለመንቀፍ የሚያገለግል ዘዴ ነው፤ ለሚገባው ሰው ከተጠቀሙበት ያው ነቀፌታ በእሳቸው ላይ ይወድቃል።

ኮሎኔሉ በንጉሡ ዘመን የተሰጣቸውም ሆነ በደርግ ዘመን የተሸለሙት ካለ ሁለቱንም ይሣሉ። መንግሥት ተለወጠ ተብሎ በላዩ ያለውን ምልክት ማደብዘዝ ወይም መተው ተገቢ አይደለም፤ እሳቸው የተዋጉት ለአገር ነው፤ በሜዳሊያው ላይ የታተመው ምልክት የዚያ ዘመን ማስረጃ ነው።

ቁስልን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። በጦር ሜዳ የመጣ ጠባሳ፣ የጎደለ ጣት፣ የሚያነክስ እግር ካለ አይጋነንም፤ እንዲደበቅም አይደረግም፤ ባለበት መጠን ይሣላል። ስለ ጀርባው ስፍራም አንድ ነገር ልጨምር። የልጅ ልጆቻቸው ምናልባት ካራ ማራን፣ ታንክን፣ የሚሸሽ ጠላትን እንዲያስገቡ ይጠይቁዎታል። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራ ማራ ድል የተገኘበት ቀን ስለሆነ የተራራውን ቅርጽ በስሱ መስመር ከኋላ ማሳየት ይቻላል። የተሸነፈን ወታደር አጋንኖ መሳልን ግን ፈጽሞ አልመክርም። ያኔ የሞተው የማዶ ወታደርም የእናት ልጅ ነበር፤ ሶማሊኛ የሚናገሩ ወገኖቻችንም በዚሁ አገር፣ በዚሁ ከተማ አብረውን ይኖራሉ፤ የልደት ስጦታ ሊያሸማቅቃቸው አይገባም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ኮሎኔሉን በጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ፣ የክብር ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ሲኒ ይዘው፣ ጀርባቸውን ግን እንደ ሰልፍ ቀን አቅንተው ማስቀመጥ ነው። ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ እንዲያ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ራሱ በቂ ማጋነን ነው፤ ፈገግታ ያመጣል፤ ሰውየውንም በሙሉ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጆቹ ድንገት ሊያስደስቷቸው እንደሚፈልጉ ይገባኛል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ድንገተኛነቱን ይተዉት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በቁጥር 28 ሰውየው የታወቀ ሲሆን ወይም በያዘው የሕዝብ ሥራ ምክንያት የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። የቤተሰብ ስጦታ በቤት ውስጥ ሲቀር ሕጉ ላይነካው ይችል ይሆናል፤ ሥዕሉን በሱቅዎ መስኮት ወይም በፌስቡክ ገጽዎ ለማሳየት ካሰቡ ግን የኮሎኔሉን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ከሕጉም በላይ አክብሮቱ ይህንን ይጠይቃል። የእርሳስ ንድፉን ይዘው ይሂዱ፤ ታላቅ ወንድማቸው ባሉበት ያሳዩአቸው፤ በተለይ የደረታቸውን ክፍል በትልቁ ለብቻው ነድፈው «ልክ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቋቸው። ወንድማቸው ሜዳሊያዎቹ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተያዙ በዓይናቸው ሲያዩ ተቃውሟቸው ይላላል ብዬ እጠብቃለሁ። ኮሎኔሉ ራሳቸው ካልፈቀዱ ግን ልጆቹን አስረድተው ያልተጋነነ የገጽ ሥዕል ይሥሩላቸው፤ ለማግባባት አይሞክሩ።

ስለ ቁሳቁሱ ብዙ አልልም። ጅማ ዝናብና እርጥበት የሚበዛበት ከተማ ስለሆነ ወረቀቱ ወፈር ያለ ይሁን፤ በፍሬም ሲገባ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በመካከላቸው የካርቶን ጠርዝ ይደረግ፤ ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይም አይሰቀል። ለሪባኖቹ የሚጠቀሙበት ቀለም በፀሐይ ቶሎ የሚለቅ ከሆነ ቀዩ ወደ ሮዝ ሲለወጥ ሜዳሊያውም ሌላ ይመስላልና ርካሽ ፓስቴል እዚህ ቦታ ላይ አይጠቀሙ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የጠፋው ሜዳሊያ ነው። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ብዙ መኮንኖች ልብሳቸውን፣ ሰነዳቸውንና ሜዳሊያቸውን ጥለዋል፣ ደብቀዋል ወይም ተነጥቀዋል፤ ስለዚህ የእርስዎ ኮሎኔል ጉዳይ የብቻቸው አይደለም። ሜዳሊያው በእርግጥ የተሰጣቸው ከሆነ መጥፋቱ ሽልማቱን አያስቀረውምና ሊሣል ይገባዋል። ነገር ግን በቃል ብቻ ተመሥርተው አይሣሉት፤ የሽልማት ምስክር ወረቀቱን፣ ያን ጊዜ አጥልቀውት የተነሡትን ፎቶግራፍ ወይም ሲሸለሙ አብረው የነበሩ መኮንኖችን ምስክርነት ይፈልጉ። ማስረጃው ከተገኘና ቅርጹ ካልታወቀ፣ ያንኑ ሜዳሊያ የተሸለመ ሌላ መኮንን ቤት ሄደው ከዕቃው ላይ ይንደፉ። ማስረጃው ካልተገኘ፣ ኮሎኔሉ ራሳቸው የሚሉትን ተቀብለው ከሥዕሉ በታች በሚጽፉት መግለጫ ውስጥ ስሙን ያስፍሩት፤ በደረታቸው ላይ ግን በእጅ ያሉትን ብቻ ይሣሉ። መግለጫው ላይ ሙሉ ስማቸው፣ ማዕረጋቸው፣ የዘመቱበት ግንባርና ዓመተ ምሕረት፣ ሽልማቶቻቸው በቅደም ተከተል፣ ከዚያም የእርስዎ ፊርማና ሥዕሉ የተጠናቀቀበት ቀን ይግቡ።